እሾሁ እግር ላይ፣ ንፍፊቱ ብሽሽት ላይ

ከሞጣ ተነስቼ በደብረ ወርቅ በኩል ቢቸና እስክገባ ድረስ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ የዛሬውን ርእስ በየት በኩል ልጀምረው እያልኩ። ስሙ የሩቅ አገር ስም ነው፤ ኬሞካይን ይሉታል። ነገሩ ግን ከማናችሁም ቤት አይጠፋም። እንግዲያው ስሙን ለጊዜው ላቆየውና ከእሾህ ልጀምር።

ያደግኩት ሞጣ አካባቢ፣ ገጠር ነው። ከብት የጠበቀ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው እረኛና እሾህ ጎረቤት ናቸው። አንድ ቀን ግራ እግሬን የግራር እሾህ ወጋኝ። ነቅዬ ጣልኩትና ወደ ጨዋታዬ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከመደብ ስነሳ ታዲያ የሚያመኝ እግሬ አይደለም፤ ብሽሽቴ ነው። ስዳብሰው ባቄላ የሚያህል ነገር ከቆዳዬ ሥር ተሸሽጓል። ደንግጬ፣ «እምዬ፣ እዚህ ጋ አብጦብኛል» ስላት እናቴ እብጠቱን አየት እንኳ አላደረገችም። «እስቲ እግርህን አምጣ» አለችኝ። ተረከዜን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ በአውራ ጣቷ ውስጥ እግሬን ጫን ጫን ስታደርግ አንዱ ቦታ ላይ ጮኽኩ። በመርፌ ቆፈር ቆፈር አድርጋ ከስንዴ ፍሬ የምታንስ የእሾህ ስባሪ አወጣች። «ንፍፊት ነው፤ እግርህ ሲድን እሱም ይጠፋል» ብላኝ ወደ ምጣዷ ሄደች።

የቅኔ ቤቱ ዲማ ጊዮርጊስ እዚሁ ቅርባችሁ ነውና ቅኔ ለእናንተ አይነገርም። የእናቴ ምርመራ በቅኔ ቤት ቋንቋ ቢነገር፣ ንፍፊቱ ሰም ነበር፤ ወርቁ ተረከዝ ሥር ተቀብሯል። እሷ ሰሙን አልፋ ወርቁን ፈለገች። እኔን ግን ካደግኩም በኋላ ያልለቀቀኝ ጥያቄ ሌላ ነው። እግር ላይ የሆነውን ለብሽሽት ማን ነገረው?

ይህን ጥያቄ በእሾህ የጀመረው ሌላም ሰው አለ። በ1882 እ.ኤ.አ. ኢሊያ ሜችኒኮፍ የሚባል የሩሲያ ግዛት ተወላጅ ተመራማሪ በጣሊያን አገር፣ በሲሲሊ ደሴት፣ መሲና በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ተቀምጦ ነበር። ይመረምራት የነበረችው የኮከብ ዓሣ እጭ እንደ መስታወት የጠራች ናት፤ ውስጧ ያለው ሁሉ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሰውየው ከግቢው የጽጌረዳ እሾህ ቆርጦ ሰካባትና አደረ። በማግስቱ ሲያይ በሰውነቷ ውስጥ የሚንከራተቱ ሴሎች እሾሁን ዙሪያውን ከበውታል። ነጭ የደም ሴሎች ጠላት ወዳለበት ሄደው የሚውጡ ተከላካዮች ናቸው የሚለው ትምህርት የተነሣው ከዚያች እሾህ ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል።

ሴሎቹ መሄዳቸው ታወቀ፤ ማን እንደጠራቸው ግን ገና ነበር። ከጠሪዎቹ አንዱ ተለይቶ የታወቀው ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኢንተርሊውኪን 8 ተባለ። ከእሱ በኋላ ዘመዶቹ በየተራ ተገኙ፤ ዛሬ በሰው አካል ውስጥ ወደ 50 የሚሆኑ ይታወቃሉ። ለቤተሰቡ በሙሉ የወጣለት ስም ነው እንግዲህ ኬሞካይን፤ ሴልን ጠርቶ የሚያስኬድ ኬሚካል ማለት ነው። እያንዳንዱ ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ ብዙዎቹ ከ70 እስከ 100 ከሚሆኑ አሚኖ አሲዶች የተገመዱ ናቸው። ጥሪውን የሚሰማው ደግሞ በሴሉ ቆዳ ላይ የተሰካ ተቀባይ ነው፤ ተቀባዮቹ ወደ 20 ይሆናሉ። ጠሪው ከሰሚው ስለሚበዛ አንዱ ተቀባይ የብዙ ጠሪዎችን ድምፅ ይሰማል፤ አንዱም ጠሪ በብዙ ተቀባይ ይሰማል።

አሁን ወደ ተረከዜ እንመለስ። እሾሁ ቆዳዬን ሲበሳ ብቻውን አልገባም፤ ከአፈሩ ተሕዋስያን ይዞ ገብቷል። ከቆዳ ሥር ማክሮፋጅ የሚባሉ ዘቦች ሁልጊዜ ተቀምጠዋል። እነሱና የተጎዱት የቆዳ ሴሎች ወዲያው ኬሞካይን ይረጫሉ። ጥሪው የሚመለከተው በመጀመሪያ ኒውትሮፊሎችን ነው። ኒውትሮፊል ከነጭ የደም ሴሎች ሁሉ በብዛት የሚበልጠው ነው፤ መቅኔያችን በየቀኑ ወደ 100 ቢሊዮን የሚጠጋ ያመርታል። ዕድሜው አጭር፣ ሥራው ፈጣን ነው። ከቁስል የሚወጣው መግል በአብዛኛው የእነዚህ ተዋጊዎች ሬሳ ነው።

ታዲያ ይህ ሴል በእግሩ ሲሄድ ቀርፋፋ ነው። በደቂቃ 10 ማይክሮሜትር ያህል ቢራመድ ነው። እናንት ተማሪዎች አስሉት፤ አንድ ሴንቲሜትር ለማቋረጥ 1000 ደቂቃ፣ ማለትም ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ከመቅኔ እስከ ተረከዝ በእግሩ ቢነሣ ዕድሜው መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ እንደ እኛው ያደርጋል፤ ሩቁን መንገድ በመኪና፣ የቀረውን በእግር። ከደጀን የተነሣ ሰው እስከ ሞጣ አውቶቡስ ይዞ፣ ከሞጣ ገጠር ደግሞ በእግሩ እንደሚገባው ነው። አውቶቡሱ ደም ነው። ችግሩ ይህ አውቶቡስ አለመቆሙ ነው። «ወራጅ አለ!» ቢሉትም የሚሰማ ሾፌር የለውም። ሴሉ ሳይቆም ከሚሮጥ መኪና፣ ያውም በትክክለኛው ፌርማታ መውረድ አለበት።

ፌርማታውን በምን ያውቃል? ጠላ ቤት በምን ይታወቃል? ማንም ጽፎ አይለጥፍም፤ ደጃፉ ላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ ይሰቀላል። መንገደኛው ጣሳውን ሲያይ አንገቱን ያዞራል። ኬሞካይንም እንዲሁ ይሰቀላል። በደም ውስጥ ዝም ብሎ ቢለቀቅ ጎርፉ ጠርጎ ይወስደዋልና የትም ቦታ ምልክት አይሆንም። የደም ሥር ግድግዳ ግን ወደ ውስጥ በኩል ሄፓራን ሰልፌት የሚባሉ የስኳር ሰንሰለቶችን እንደ ጭራሮ አብቅሏል። ከቁስሉ የመጣው ኬሞካይን በነዚህ ጭራሮዎች ጫፍ ይንጠለጠላል፤ ጣሳው ተሰቀለ ማለት ነው።

መውረዱ በደረጃ ነው። ቁስሉ አጠገብ ያለው የደም ሥር ግድግዳ ሴሌክቲን የሚባሉ አጣባቂዎች ያወጣል፤ ኒውትሮፊሉ እነሱን እየነካካ እንደ ድቡልቡል ድንጋይ በግድግዳው ላይ ይንከባለላል፤ ፍጥነቱም ይቀንሳል። እየተንከባለለ ሳለ ከጣሳው ጋር ይገናኛል። ተቀባዩ ኬሞካይኑን በያዘ ቅጽበት ኢንተግሪን የተባሉት የሴሉ እጆች ታጥፈው ከነበሩበት ይዘረጋሉ፤ ግድግዳውን ጨምድደው ይይዛሉ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ነው የሚፈጀው። ከዚያ መሻገሪያ ፈልጎ፣ ሰውነቱን እንደ ክር አቅጥኖ፣ በግድግዳው ሴሎች መካከል ሾልኮ ይወጣል።

የሞጣ ሰዎች፣ ይህን ስነግራችሁ ሰባራ ድልድይ ትዝ ሳይላችሁ አይቀርም። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት፣ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ የነበረው የዓባይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰብሮ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሰው በገመድ እየተጎተተ ነበር የሚሻገረው። ከወዲህ ማዶ ሰዎች፣ ከወዲያ ማዶ ሰዎች፣ በመካከል አንድ ሰው ወገቡን ታስሮ ከዓባይ በላይ ተንጠልጥሎ። ሁኔታውን በመጽሔት ፎቶግራፍ ያየ አሜሪካዊ፣ ኬን ፍራንዝ፣ ነገሩ አላስተኛው ብሎ መጥቶ ከአገሬው ሰው ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. ድልድዩን ጠገነው። ኢንተግሪን ያ ገመድ ነው። ማዶ ምንም ቢያስፈልግ፣ ወዲህም ምንም ያህል ሰው ቢሰለፍ፣ ገመዱ ከሌለ የሚሻገር የለም።

ይህ ምሳሌ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኢንተግሪናቸው በትክክል ሳይሠራ የሚወለዱ ሕፃናት አሉ፤ ብርቅ የሆነ የዘር በሽታ ነው። የእነዚህ ልጆች ደም ሲቆጠር ነጭ ሴሉ ከልክ በላይ በዝቶ ይገኛል። ቁስላቸው ግን መግል አይዝም፤ አይድንምም። ሠራዊቱ ሞልቶ ተርፎ ወንዝ ማዶ ቀርቷል። ዛሬ ከእኔ አንዲት ነገር ይዛችሁ ብትሄዱ ይህችን ያዙልኝ፤ የሰውነት መከላከያ የሚለካው በብዛቱ አይደለም፤ በሰዓቱ፣ በቦታው በመድረሱ ነው።

ከደም ሥር የወጣው ሴል አሁን በእግሩ ነው። ጨለማ ነው፤ ዓይን የለውም። አቅጣጫውን እኛ በማሽተት እንደምናገኘው ያገኛል። ማታ ከእርሻ ሲመለሱ የሠርግ ቤት ወጥ ሽታ ሲመጣ፣ ጥቂት ወደ ቀኝ ሲሉ ቢጠነክር በዚያው ይቀጥላሉ፤ ቢደክም ይመለሳሉ። ኒውትሮፊሉ ስፋቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ ያህል ቢሆን ነው። በፊቱ በኩል ያሉት ተቀባዮች የያዙትን ኬሞካይን በኋላው በኩል ካሉት ጋር ያነጻጽራል። በፊትና በኋላ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ወይም ሁለት በመቶ ቢሆን እንኳ ይበቃዋል። በበዛበት በኩል እግር ያወጣል፣ ጀርባውን ይሰበስባል፣ ይራመዳል። ሽታው ከአራቱም ማዕዘን እኩል ከሆነ ግን ይንቀሳቀሳል እንጂ የትም አይደርስም። ልዩነት ከሌለ አቅጣጫ የለም።

ደግሞም ጥሪ ማብቂያ ያስፈልገዋል። ቀድመው የደረሱት ኒውትሮፊሎች ራሳቸው ሌሎችን ይጠራሉ፤ እንደ ንብ መንጋ ይሰፍራሉ። ይህ ቢቀጥል ከጠላት የሚተርፈውን ሥጋ ተከላካዩ በበላው ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ የአይጥ ጥናት እንዳሳየው መንጋው ሲጠጋጋ፣ ጥሪውም ሲበረታ፣ የሴሎቹ ተቀባዮች ይደነዝዛሉ። ጩኸት ሲበዛ ጆሮ እንደሚደነቁረው ማለት ነው፤ መሮጣቸውን ትተው ባሉበት ረግተው ሥራቸውን ይሠራሉ።

እስካሁን ያልኩት ስለ ተረከዝ ነው። ብሽሽትስ? እዚያው ተረከዝ ላይ ዴንድሪቲክ የሚባል ሌላ ዓይነት ሴል አለ። ሥራው መዋጋት ሳይሆን ናሙና ይዞ መሄድ ነው። ከተሕዋስያኑ ቁራጭ ይወስድና ሲሲአር 7 የሚባለውን ተቀባይ ያወጣል። በዚህ ተቀባይ የሚሰማው፣ ሲሲኤል 21 የሚባለው ኬሞካይን የሚኖረው ከሥጋ ፈሳሽ በሚሰበስበው በሊምፍ ቧንቧ ግድግዳ ላይና በሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ ነው። ሴሉ ያንን ተከትሎ በእግር ሽቅብ ይወጣል፤ የእግር የሊምፍ ቧንቧ ደግሞ ማለፊያው ብሽሽት ነው።

የብሽሽት ዕጢ ገበያ ነው። ቲ ሴሎች እልፍ አእላፍ ናቸው፤ እያንዳንዱ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ጠላት ነው። ለዚያች ናሙና የሚሆነው ምናልባት ከብዙ ሺህ አንዱ ነው። ሰፊ አገር ውስጥ እንዴት ይገናኙ? ሁለቱም በአንድ ጥሪ ይመጣሉ። ቲ ሴሎቹም በደም በኩል ወደ ዕጢው የሚገቡት ያንኑ ሲሲኤል 21 ሰምተው ነው። ገበሬውም ነጋዴውም ሳይቀጣጠሩ የሚገናኙት ሁለቱም የገበያ ቀኑን ስለሚያውቁ አይደለም? ወሬው ከባድ ሲሆን ደግሞ መግቢያው ይሰፋል፣ መውጫው ለጊዜው ይዘጋል። ገቢው በዝቶ ወጪው ሲቆም ዕጢው ያብጣል። ባቄላ የሚያህለው ነገር በር ዘግቶ የሚመክር ሸንጎ ነበር። እናቴ እሱን ነካክታ ሸንጎውን ከመበተን ይልቅ አቤቱታው የመጣበትን እሾህ ነቀለች።

አሁን ወደ ቁጥር ልምጣ። ምክንያቱም ቁጥር ብዙ ሰው አስጨንቋል። የማውቀው አንድ የአገራችን ልጅ ውጭ አገር ሄዶ ለሥራ ደሙን ሲመረመር ኒውትሮፊሉ ከልክ በታች ነው ተባለ። በብዙ አገር የተለመደው ዝቅተኛ ልክ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 1500 ነው፤ የእሱ ከዚያ ያንሳል። ልጁ ጉንፋን እንኳ ብዙም አይዘውም። ሐኪም ቤቱ ግን ለወራት አመላለሰው፤ ከመቅኔውም ቀዱለት። የተገኘ በሽታ የለም። እናቱ እዚህ ሆና ስለት ተሳለች።

ለዚህ ዓይነቱ ነገር ቁልፉ ያለው እዚሁ የኬሞካይን ቤተሰብ አጠገብ ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ዳፊ በተባለ ታማሚ ደም የተነሣ «ዳፊ» የሚባል የደም ዓይነት ታወቀ። በኋላ ሲጠና ዳፊ በቀይ የደም ሴል ላይ የተቀመጠ የኬሞካይን ተቀባይ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ፣ ኬሞካይኑን ይይዛል እንጂ ሴሉን አያስኬድም፤ በደም ውስጥ የተበተነ ጥሪን እንደሚሰበስብ ጎተራ ነው። በአፍሪካ ብዙ ሰው በቀይ ሴሉ ላይ ዳፊ የለውም። ከአንዲት የጂን ፊደል ለውጥ የመጣ ነው፤ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ያለው ዳፊ ግን አልተነካም። እነዚህ ሰዎች በደማቸው ውስጥ የሚቆጠረው ኒውትሮፊል ዝቅ ይላል፤ በዚህ ምክንያት ግን ለሕመም አይጋለጡም። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ያለ ዳፊ ያደገ ኒውትሮፊል ጠባዩ ይለያል፤ ከደም ፈጥኖ ወደ ሥጋ ይወጣል። አውቶቡስ ውስጥ የሚቆጥር ሰው ጥቂት ተሳፋሪ ያገኛል፤ የቀሩት ወርደው ሥራ ላይ ናቸው። ስለዚህ ልክ የሚባለው ነገር የማን ልክ ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጎጃም ዞኖችን ጤነኛ አዋቂዎች የደም ልክ መርምረው በዚያው በ2017 እ.ኤ.አ. ማሳተማቸው ለዚህ ይጠቅማል፤ የጎጃም ሰው ደም በጎጃም ሚዛን ይመዘን ማለት ነው።

ዳፊ ሌላም ታሪክ አለው። ወደ ዓባይ በረሃ ለሥራ የሚወርዱ ወገኖቻችን የሚያውቋት ወባ ሁለት ዋና ዓይነት ናት። አንደኛዋ፣ ቫይቫክስ፣ ወደ ቀይ ሴል የምትገባው ይህንኑ ዳፊ በር አድርጋ እንደሆነ በ1976 እ.ኤ.አ. ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ አሳዩ። ዳፊ የሌለው ሕዝብ በሚበዛበት ምዕራብ አፍሪካ ቫይቫክስ ብርቅ ናት። ኢትዮጵያ ግን ያለውም የሌለውም ተቀላቅሎ የሚኖርባት አገር ስለሆነች ቫይቫክስ እዚህ በሰፊው አለች። እነ ደለነሳው የኋላውና ዩጂኒያ ሎ በጅማ አካባቢ ሠርተው በ2015 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ዳፊ በሌላቸው ሰዎች ደም ውስጥም ቫይቫክስን አገኛት። በሩ የተዘጋባት ተሕዋስ በመስኮት መግባት ጀምራለች፤ ስለዚህ ዳፊ የለኝም ብሎ አጎበር የሚጥል እንዳይኖር።

ልጨርስ ነው፤ ግን የምሥራቅ ጎጃምን እግር ሳላነሣ ብጨርስ ነውር ነው። ዝሆኔን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በእኛ ደጋ በወባ ትንኝ የሚመጣ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም፤ አይተላለፍም። በቀዩ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ፣ በዘር ተጋላጭ የሆነ ሰው ላይ የሚወጣ ነው። የሊምፍ ቧንቧው ይጎዳል፤ ያ ወደ ብሽሽት የሚወስደው መንገድ ይደፈናል። ቆዳው ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ተሕዋስያን ይገባሉ። ጥሪው ይለቀቃል፣ ሴሎቹ ይወርዳሉ፣ ፈሳሹ ግን መውጫ አጥቷል። እግሩ ይግላል፣ ያብጣል፤ ሰውየው በትኩሳት አልጋ ላይ ይወድቃል። ከዚያ ይሻለዋል፤ እንደገና ይመለሳል።

እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም፣ አነደድ ወረዳ፣ 696 የዝሆኔ ሕሙማንን በሁለት ከፍሎ ለ12 ወራት የተከታተለ ጥናት ተደርጓል። ግማሾቹ ወዲያውኑ እግር መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ ያንኑ በኋላ አገኙ። በ2018 እ.ኤ.አ. ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል፤ ሳይታከሙ የቆዩት በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ትኩሳቱና እብጠቱ ሲነሣባቸው የታከሙት 19.4 ጊዜ ተነሣባቸው። ከአምስት አንዱን ያህል ቀነሰ ማለት ነው። የኬሞካይን ተቀባይን የሚዘጉ መድኃኒቶች በዓለም ላይ አሉ፤ አነደድ ላይ ይህን ያደረገው ግን እግር መታጠብ፣ ቅባትና ጫማ ነው። ቆዳው ካልተሰነጠቀ የሚገባ የለም፤ የሚገባ ከሌለ የሚጠራ የለም።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ልጨምር። ቁስል የሌለበት ንፍፊት፣ በተለይ አንገት ላይ ወጥቶ ለሳምንታት የማይጠፋ፣ ቀስ እያለ የሚያድግ፣ ከላብና ከመክሳት ጋር የመጣ ከሆነ ነቀርሳ ሊሆን ይችላልና ጤና ጣቢያ ሂዱ። እዚያ ወርቁን የሚፈልገው ላቦራቶሪ ነው።

የቀረውን ሁሉ እናቴ ጨርሳዋለች። ዛሬ እነዚያን የጠሪዎችና የተቀባዮች ስሞች አንድ በአንድ ባነብላት «አይ ልጄ!» ብላ ትስቅብኛለች። ልጅ እያለቀሰ መጥቶ ብሽሽቱን ሲያሳያችሁ ግን እሷ ያለችውን በሉት፤ «እስቲ እግርህን አምጣ»።